መስመር ሲገጥም

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተመርቄ ስወጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረ አንድ የመለዋወጫ ማምረቻ ወርክሾፕ በንድፍ ክፍሉ ቀጠረኝ። የተሰጠኝ ሥራ ሲናገሩት ቀላል ነው። ለዓመታት በወረቀት ተቀምጠው የኖሩ ንድፎች በስካነር ተነሥተው፣ በፕሮግራም ወደ መስመር ተለውጠው፣ በሲዲ መጥተውልናል። የእኔ ድርሻ እያንዳንዱን ኦቶካድ በሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ከፍቼ ከጠፍጣፋው ንድፍ ውስጥ ጠጣሩን ዕቃ፣ በቢሯችን አነጋገር «ሶሊዱን»፣ ማውጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሶፍትዌር ሠርቻለሁ፤ ከዚያ የከበደ ሥራም ገጥሞኛል። ስለ ሙያዬ እስከ ዛሬ የማምንበትን ነገር ግን የተማርኩት እዚያ ነው፦ ንድፍ አካል የሚሆነው ያነበበው ሰው በተረዳው ልክ ነው።

ንድፎቹ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ነበሩ። የጣሊያን፣ የጀርመን፣ የቼኮዝሎቫኪያ፣ የእንግሊዝ ማሽኖች ንድፎች ናቸው፤ የዱቄት ፋብሪካ ፑሌጃ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማርሽ፣ የፓምፕ ክዳን፣ የኩሽኔታ ቤት። የአንዳንዶቹ ሠሪ ኩባንያ ከነጭራሹ ተዘግቷል። የሌሎቹን መለዋወጫ ለማስመጣት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው። የአንዲት ማርሽ ጥርስ ሲሰበር ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ሲቆም ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይውላል። ስለዚህ በንድፍ ክፍላችን የምትሠራ እያንዳንዷ ዕቃ ከኋላዋ የሚጠብቃት ሰው ነበራት። ይህን ገና በጠዋቱ ማወቄ ለሥራው ክብር እንድሰጥ አድርጎኛል።

ከእኔ ፊት ለፊት፣ በድሮዊንግ ቦርድ ላይ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ይቀመጡ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከንድፎቹ ብዙዎቹን በጉልምስናቸው የሣሉት፣ ወይም ከተሰበረው ዕቃ ላይ በካሊፐር ለክተው ያወጡት፣ እሳቸው ናቸው። በትሬሲንግ ፔፐር ላይ በሮትሪንግ ብዕር የተሣለ መስመር ሲበላሽ የሚፋቀው በምላጭ ነው፤ ሲፋቅ ደግሞ ወረቀቱ ይሳሳል፤ ቀለሙ በድጋሚ ሲሣል ይሰራጫል። በጋሼ ወረቀቶች ላይ የተፋቀ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ለሚታየው ጠርዝ ወፍራም መስመር፣ ለተደበቀው የተቆራረጠ ቀጭን መስመር፣ ለዛቢያው ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ የሚሄድ መስመር። ይህን ሥርዓት ሳያዛንፉ ዕድሜያቸውን የገፉ ሰው ነበሩ።

ፋይሎቹ የተቀመጡት በዲ.ኤክስ.ኤፍ. ነው። ይህ የፋይል ዓይነት ኦቶካድ በ1982 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ሲቀርብ አብሮት የመጣ ሲሆን፣ ዓላማውም አንዱ ፕሮግራም የሣለውን ሌላው እንዲያነበው ነበር። በተራ ጽሑፍ ስለሚጻፍ በኖትፓድ ይከፈታል፤ እኔም ከፍቼ ማንበብ እወድ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀጥታ መስመር 10 የሚል ቁጥር ይመጣና ከሥሩ የመነሻው የአግድም ልኬት ይጻፋል፤ ከ20 ሥር የሽቅቡ፣ ከ30 ሥር የጥልቀቱ። ለመድረሻው ደግሞ 11፣ 21 እና 31 አሉ። በጠፍጣፋ ንድፍ ውስጥ ከ30 እና ከ31 ሥር የሚገኘው ሁልጊዜ 0.0 ነው። መስመሩ በበዛ ቁጥር ዜሮውም ይበዛል። ሦስተኛው ልኬት ቦታው ተጠብቆለት፣ ባዶውን ተቀምጦ፣ የሚሞላው ሰው ይጠብቃል። የሚሞላው ቁጥር ግን እዚያው መስመር ላይ አይገኝም። በጎን እይታው ላይ፣ በጥግ በተጻፈች ማስታወሻ ውስጥ፣ አንዳንዴም በጋሼ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነበር።

ያንን ቁጥር ወደ መሙላት ከመድረሴ በፊት ሌላ ጣጣ አለ። ኦቶካድ ንድፉን ወደ ሶሊድ የሚያሳድገው ዙሪያው የተዘጋ እንደሆነ ነው። ከስካነር የወጣውን ምስል ወደ መስመር የሚለውጠው ፕሮግራም ደግሞ ክቡን በብዙ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይሰባብረዋል፤ አንዱን ወፍራም መስመር ሁለት ያደርገዋል፤ ማእዘን ላይ መስመሮቹ ሳይነካኩ ይቀራሉ፣ ወይም ይተላለፋሉ። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ምንም አይጎድለውም። ዙሪያውን ወደ ገጽ እንዲለውጥ «ሪጅን» ብለው ሲያዙት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይናገራል። ያኔ ዙሪያውን እየተከተሉ ማጉላት፣ አሁንም ማጉላት ነው፤ በመጨረሻ ዐይን የማያያት ክፍተት ብቅ ትላለች። ሕጉ አጭር ነው። በተዘጋ ዙሪያ ላይ በእያንዳንዱ ጫፍ የሚገናኙት በትክክል ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ዙሪያው ክፍት ነው፣ ሦስት ከሆኑ ትርፍ መስመር አለ። በጠጣሩም ላይ ሕጉ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ጠርዝ የሁለት ገጾች፣ የሁለት ብቻ፣ መሆን አለበት። አንዱ ሕግ ከመስመር ወደ ገጽ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ እንደገና መምጣቱ እስከ አሁን ደስ ይለኛል።

ጋሼ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ይህን ፍለጋዬን ሲያዩ ቆዩና፣ «የተሰነጠቀ እንስራ ባዶውን ደህና ይመስላል ልጄ፤ ጉዱን የሚነግርሽ ውኃ ስትሞይበት ነው» አሉኝ።

ፔዲት የሚባለው ትእዛዝ የተበታተኑ መስመሮችን ሲያያይዝ «እስከ ስንት ርቀት ያለውን ክፍተት ልዝጋ?» ብሎ ይጠይቃል። ለችኩል ሰው መልሱ ትልቅ ቁጥር መስጠት ነው፤ ሁሉም ይዘጋል። ነገር ግን ሊዘጋ የማይገባውም አብሮ ይዘጋል። ዘይት የምታሳልፍ ቀጭን ቦይ፣ ወይም ኩሽኔታው ጥግ ድረስ ገብቶ እንዲቀመጥ ቶርኖ ላይ የምትወጣው ትንሿ ጭረት፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቸልተኝነት ትጠፋለች። የትኛው ክፍተት የስካነሩ ጉድለት፣ የትኛው የዕቃው ጠባይ እንደሆነ መስመሩ አይናገርም። የሚለየው ዕቃው ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው። ጋሼን ስጠይቃቸው መልስ አይሰጡኝም ነበር፤ መልሰው ይጠይቁኛል። «ይቺ የምትገጥመው ከምን ጋር ነው? ዘይቱ በየት ይገባል? ቡሎኑን ሲፈቱ ቁልፉ የት ይቆማል?» ጥያቄዎቹን መልሼ ስጨርስ፣ የትኛዋ ክፍተት መዘጋት እንዳለባት የሚያከራክር ነገር አይቀርም ነበር።

ሌላው ትልቅ ትምህርት ቁጥርን ከመስመር ማስበለጥ ነው። ወረቀት እርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስካነሩም የራሱን ማጣመም ይጨምርበታል። 120 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈበት ዲያሜትር ስክሪን ላይ ሲለካ 119.3 ሆኖ ይገኛል። «ንድፍ ይነበባል እንጂ አይለካም» ይሉ ነበር ጋሼ። ስለዚህ የመጣውን መስመር በራሱ ሌየር ላይ በግራጫ ቀለም ቆልፌ፣ በላዩ በተጻፈው ቁጥር አዲስ ዙሪያ እሥላለሁ። የተሰባበረውን ክብ አንድ ክብ አደርገዋለሁ። ቁጥሩም ቢሆን አሃዱ መታወቅ አለበት። የድሮ ዲ.ኤክስ.ኤፍ. 5 ብሎ ሲጽፍ አምስት ምን እንደሆነ አይገልጽም። የእንግሊዝ ማሽን ንድፍ በኢንች ተሥሎ በሚሊ ሜትር ከተወሰደ ዕቃው 25.4 ጊዜ ያንሳል። መተማመኛዬ የኩሽኔታ ቁጥር ነበር። ንድፉ ላይ 6205 የሚል ከተጻፈ፣ የኩሽኔታው የውስጥ ቀዳዳ 25፣ የውጭ ዲያሜትሩ 52፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር መሆኑ የትም አገር አንድ ነው። በእሱ ሌላውን ሁሉ አመሳክራለሁ።

ዙሪያው ገጥሞ፣ ቁጥሩም ተስተካክሎ፣ ዕቃው ሲነሣ የሚሰማኝ ደስታ ዛሬም አልደበዘዘም። ለፑሌጃ ሙሉ ክብ መሣል አያስፈልግም። በዛቢያዋ ላይ ለሁለት ብትሰነጠቅ የሚታየው የግማሿ ዙሪያ ይበቃል፤ ዘንጉ የሚገባበት እምብርት፣ እምብርቱን ከጠርዙ የሚያያይዘው ስስ ግድግዳ፣ ቺንጋው የሚቀመጥበት የቪ ቅርጽ ቦይ። «ሪቮልቭ» ብሎ ማዘዝ፣ ዛቢያውን ማሳየት፣ 360 ብሎ መጻፍ። የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ጥቂት ያስባል፤ ከዚያ በወረቀት ላይ ዘመኗን ተኝታ የኖረችው ፑሌጃ ተነሥታ ትቀመጣለች። የቁልፍ ቦይዋ በ«ሰብትራክት» ይቀነሳል፣ የቡሎን ቀዳዳዎቿም እንዲሁ። ጋሼ በራሳቸው እጅ የሣሏት አንዲት ፑሌጃ ስክሪኑ ላይ ስትዞር ባዩ ጊዜ ማውሱን ሰጠኋቸው። ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ አዟዟሯትና «እኔ ስሥላት እንዲህ ነበር የማያት» አሉ። ያ ንግግራቸው ሥራዬን የማይበትን መንገድ ለወጠው። ሶሊዱ ወረቀቱ ከመሣሉ በፊት በሰው አእምሮ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ለሌላ ሰው ለማቀበል ሲባል የተጠፈጠፈ ነው። እኔ የምሠራው ያንን የተላከ ሐሳብ መቀበል ነበር።

ዕቃው በዛቢያ ዙሪያ የማይዞር ሲሆን ሥራው ይከብዳል። ከፊት፣ ከላይና ከጎን የተሣሉትን እይታዎች ማስማማት ይጠይቃል። ይህን የአሣሣል ዘዴ በሳይንስ ያደራጀው ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሜዚየር የጦር ምህንድስና ትምህርት ቤት ሳለ የምሽግ ንድፍ ችግር ለመፍታት የተጠቀመበት ዘዴ፣ በወታደራዊ ምስጢርነት ተይዞ ቆይቶ፣ በአደባባይ ትምህርት ሆኖ የተሰጠው በ1795 እ.ኤ.አ. ነው። ከእይታዎች ተነሥቶ ወደ አካሉ የመመለሱ ጥያቄ ደግሞ ከኮምፒውተር ንድፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. አይቫን ሰዘርላንድ በኤም.አይ.ቲ. ስኬችፓድን ሲያቀርብ፣ በዚያው ዓመት እዚያው ቲሞቲ ጆንሰን ሥራውን ወደ ሦስት ልኬት ያሳደገውን ስኬችፓድ ሦስትን ሠራ። በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪዎቹ ዌስሊና ማርኮውስኪ፣ ከጠርዞች ስብስብ ቀጥሎም ከእይታዎች ሊገኙ የሚችሉትን አካላት ሁሉ የሚፈልግ ስልት አሳተሙ። ሁሉንም መፈለግ ያስፈለጋቸው አንድ ንድፍ ከአንድ በላይ አካል ሊወጣው ስለሚችል ነው። እኛ በአንዲት ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምንጋፈጠው ይህንኑ ነበር።

የእኛ መንገድ ይህ ነው። ሦስቱን ዙሪያዎች በየአቅጣጫቸው አዙሬ አቆማለሁ፤ እያንዳንዱን በ«ኤክስትሩድ» አስረዝማለሁ፤ ከዚያ ሦስቱ የሚጋሩትን ብቻ በ«ኢንተርሴክት» አስቀራለሁ። ብዙ ዕቃ በዚህ መንገድ ይወጣል፤ ሁሉም ግን አይወጣም። የሉልን እይታዎች ያስቡ፤ ሦስቱም ክብ ናቸው። ሦስቱን ክቦች አስረዝመን ብናቋርጣቸው የምናገኘው ሉል አይደለም፤ ጠርዝና ማእዘን ያለው፣ ይዘቱም ከሉሉ 12 በመቶ ያህል የሚበልጥ ሌላ አካል ነው። ኮምፒውተሩ የተሰጡት ዙሪያዎች የሚፈቅዱትን ትልቁን አካል አወጣ፤ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ዕቃው ሉል መሆኑን የሚያውቀው ከራዲየሱ ጎን የተጻፈችውን የሉል ምልክት ያነበበ ሰው ነው።

ጋሼ ይህን የሚያስተምሩት በልብስ ሳሙና ነበር። ሦስት እይታ ሥለው ይሰጡኝና «ቅረጪውና አሳዪኝ» ይላሉ። ከፊት ካሬ፣ ከላይ ክብ፣ ከጎን ሦስት ማእዘን የሆነውን ዕቃ ስቀርጽ፣ ቢላዋው የማያስፈልገውን እያስወገደ በሄደ ቁጥር የማይገጥሙ የመሰሉኝ ሦስት ቅርጾች በአንድ አካል ላይ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ስክሪን ላይ «ኢንተርሴክት» ስል ምን እንደማዝ እጄ ያውቀው ነበር።

እይታዎቹ የሚቀመጡበት ቦታም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በአውሮፓ ልማድ ከላይ የሚታየው እይታ ከፊት እይታው ሥር ይሣላል፤ በአሜሪካ ልማድ ከበላዩ። ሁለቱም ዓይነት ንድፍ በእኛ መሳቢያ ውስጥ ተደባልቆ ይገኝ ነበር። የትኛው ልማድ እንደሆነ የምትናገረው በጥግ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የተቆረጠ ኮን ምልክት ናት። ስካን ያደረገው ድርጅት ግን የጥግ ሳጥኖቹን ቆርጦ ጥሏቸዋል። በአንድ የፓምፕ ክዳን ላይ የውኃው መውጫ በቀኝ ይሁን በግራ ከፋይሉ መለየት አልተቻለም። ሁለቱንም ሠራኋቸው። ሁለቱም ይዘጋሉ፣ ሁለቱም ያለ እንከን ሶሊድ ናቸው፣ ክብደታቸውም እኩል ነው፤ አንዱ ግን የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ ፓምፑ ላይ የሚገጥመውም አንዱ ብቻ። ጋሼ ዋናውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጡና በጣታቸው ምልክቷን አሳዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናውን ወረቀት ሳላይ ፋይል ብቻ ተቀብዬ አላውቅም።

ሶሊዱ ካለቀ በኋላ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው። «ማስፕሮፕ» ሲባል ይዘቱን ይናገራል፤ ይዘቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሆኖ በ7.2 ሲባዛ የካስት አይረኑ ክብደት በግራም ይመጣል። ማቅለጫ ክፍሉ ምን ያህል ብረት እንደሚያዘጋጅ የሚያውቀው በዚህ ነው። ጋሼ ይህንኑ በእጃቸው ያሰሉት ነበር፤ ዕቃውን በሐሳባቸው ወደ ሲሊንደርና ወደ ኮን ከፋፍለው፣ ቀዳዳውን ቀንሰው፣ በእርሳስ ደምረው። የሁለታችን ውጤት ተቀራርቦ ሲመጣ የሚሰማኝ ኩራት ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ለእርሳሳቸው ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ሥራው ወደ እንጨት ሞዴል ሠሪው ይሄዳል። ካስት አይረን ሲቀዘቅዝ 1 በመቶ ያህል ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሞዴሉ በዚያው ልክ ይተልቃል። ከአሸዋው ውስጥ ሳያፈርስ እንዲወጣም ቀጥ ብለው የቆሙት ጎኖቹ ትንሽ ይጋደላሉ። እነዚህ ሁሉ በመጣው መስመር ላይ የሉም። ሞዴል ሠሪውን፣ አቅላጩን፣ ቶርኖ ላይ የሚቆመውን ሰው ጠይቆ ሶሊዱ ውስጥ ማስገባት የንድፍ ሠሪው ግዴታ ነው።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሶሊድወርክስ ተሸጋገርኩ። ይህ ሶፍትዌር በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ መስመርን ከቁጥርና ከዝምድና ጋር አያይዞ ይይዛል። በውስጡ የሚሠራው ፓራሶሊድ የሚባለው የጂኦሜትሪ ሞተር ሁለት ነጥቦችን አንድ ናቸው የሚላቸው በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ0.00001 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ነው፤ ለሰው ዐይን የተዘጋው ዙሪያ ለእሱ ገና ክፍት ነው። ከውጭ የመጣ ዲ.ኤክስ.ኤፍ. ሲገባበት መስመሮቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሆነው ይመጣሉ። ይህ ቀዳዳ ከዚያ ክብ ጋር ማእከል ይጋራል? ይህ ጎን ከዚያ ጎን ጋር ትይዩ ነው? ይህ ልኬት ቢለወጥ አብሮት የሚለወጠው የቱ ነው? አንድ በአንድ መመለስ ያስፈልጋል። ሌሎች በዚህ ሲማረሩ እሰማለሁ። እኔ ግን ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ይጠይቁኝ የነበረውን ነው የምሰማው፤ ስለዚህ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ።

ዛሬ ንድፍ የሚያነብና ሶሊድ የሚያወጣ ብልህ ሶፍትዌር እየመጣ ነው፤ ዕቃውን ራሱን በሦስት ልኬት የሚያነሣ ስካነርም አለ። ሁለቱንም እጠቀማለሁ፣ ሁለቱንም እወዳለሁ። ስካነሩ ግን የሚያነሣው ያለቀውን፣ የተበላውንና የተጣመመውን ዕቃ ነው፤ ዕቃው ሲፈጠር ምን እንዲሆን እንደታሰበ ያለው በንድፉ ላይ ነው። በየፋብሪካው መሳቢያ ውስጥ ያሉ ወረቀቶች ወደ ፋይል ስለተለወጡ ብቻ ዳኑ መባሉ ያሳዝነኛል። ፋይል የሆነ ንድፍ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የሚያነቡት ሰዎች ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት፣ ከአጠገባቸው አንድ ወጣት ከኮምፒውተሩ ጋር መቀመጥ አለበት፤ ዋናው ወረቀት ተዘርግቶ፣ «ይቺ የምትገጥመው ከምን ጋር ነው?» እየተባለ። የማሠለጥናቸውን ልጆች ትእዛዝ ከማስተማሬ በፊት ሳሙናና ቢላዋ የምሰጣቸው፣ ሶሊዳቸውን ከመቀበሌ በፊትም እያንዳንዱ መስመር በዕቃው ላይ ምን እንደሚሠራ በቃላቸው እንዲነግሩኝ የምጠይቃቸው ለዚህ ነው። መናገር የቻለ ልጅ ሶፍትዌሩ በየዓመቱ ቢለወጥ አይቸገርም።